ኃይሌ ፊዳና የተራማጁ ጎራ መከፋፈል፦ ደርግ ያልፈጠረው፣ ነገር ግን የተጠቀመበት ልዩነት

መግቢያ

በ1971 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት በእስር ያቆያቸውን ሁለት ሰዎች በግልጽ ችሎት ሳይዳኙ ገደላቸው። አንደኛው የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) መሪ ኃይሌ ፊዳ ነበር። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ብርሃነ መስቀል ረዳ ነበር። ሁለቱም በኢትዮጵያ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ ያደጉ፣ መሬት ላራሹ የተሰኘውን ጥያቄ የሕይወታቸው ጥያቄ ያደረጉ፣ የማርክስንና የሌኒንን ሥራዎች በአንድ ዘመን ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። የመሯቸው ድርጅቶች ግን በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እርስ በርስ ተጋድለዋል። በመጨረሻ የሁለቱንም ፍጻሜ የወሰነው አንድ መንግሥት ነው።

ስለዚህ ዘመን የተጻፈው ጽሑፍ ጥቂት አይደለም። ክፍሉ ታደሰ በ«ያ ትውልድ» የኢሕአፓን ታሪክ፣ አንዳርጋቸው አሰግድ በ«ባጭር የተቀጨ ረዥም ጉዞ» የመኢሶንን ታሪክ ከውስጥ ሆነው ጽፈዋል። ከእነርሱ በኋላ የታተሙት በርካታ ትዝታዎችም በአብዛኛው ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ቆመው የተጻፉ ናቸው። ክርክሩ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው? ጥያቄው ከሥነ ምግባርም ሆነ ከፍትሕ አኳያ ክብደት አለው። ሆኖም ሌላ ጥያቄ እንዲሸፈን አድርጓል። በመከፋፈሉ በእያንዳንዱ ደረጃ ደርግ ምን አገኘ? ያገኘውስ በምን መንገድ ነው?

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በኃይሌ ፊዳ ሕይወት በኩል ይመረምራል። የኃይሌ ሕይወት የተመረጠው መከፋፈሉ ባሕር ማዶ ሲጸነስ፣ በአገር ውስጥ ሲካረርና በመንግሥት እጅ ሲገባ በሦስቱም ደረጃዎች ላይ በቅርብ ስለነበረበት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። ደርግ ልዩነቱን አልፈጠረም። ልዩነቱን የተጠቀመበትም በዋነኛነት በሐሰት ወሬ ወይም በሰርጎ ገብ አልነበረም። ለአንደኛው ወገን ሌላኛው የሌለውን ነገር፣ ማለትም ሕጋዊ ጽሕፈት ቤት፣ ማተሚያና የመንቀሳቀስ ነጻነት በመስጠት የስልት ልዩነትን የሕልውና ልዩነት አደረገው። ተቀባዩ ወገን የተቀበለውን በራሱ ኃይል ማስጠበቅ ስላልቻለ፣ ተቀናቃኙ በተዳከመ መጠን እርሱም ከለላ አጣ።

ከአርጆ እስከ ፓሪስ

ኃይሌ ፊዳ በ1930ዎቹ መባቻ በወለጋ አርጆ ተወለደ። በአዲስ አበባ ከተማረ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ የፖለቲካ ሕይወቱም በአብዛኛው የተቀረጸው በፓሪስ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የተላከ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ወንበር እንዲይዝ ይጠበቅ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ሊያገለግሉት የተላኩለትን ሥርዓት መለወጥ ዓላማቸው አድርገው ነበር። ኃይሌም በአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ከአመራሩ አንዱ ሆነ።

በዚህ ዘመን ከሠራቸው ሥራዎች መካከል በፖለቲካ ታሪክ ጽሑፎች ብዙም ትኩረት ያላገኘው የቋንቋ ሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በፓሪስ በላቲን ፊደል ያዘጋጀውን የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ኦሮምኛ በመንግሥት ትምህርት ቤትና በአደባባይ ጽሑፍ ቦታ ባልነበረው ጊዜ የተሠራው ይህ መጽሐፍ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቁቤ በሚል ስም በይፋ ሥራ ላይ ለዋለው አጻጻፍ ከቀደምት ሙከራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ሥራው የኃይሌን የፖለቲካ አቋም ለመረዳትም ይረዳል። ኃይሌ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣው ከመጽሐፍ ባገኘው ንድፈ ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጻፍና መማር ካልተፈቀደለት ማኅበረሰብ የወጣ ሰው ነበር። ያም ሆኖ ጥያቄውን ከመላ ኢትዮጵያ የመደብ ትግል ለይቶ አላየውም። የመራው ድርጅት ስም ራሱ ይህን አቋም ያመለክታል።

መኢሶን የተመሠረተው በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ነው። መሥራቾቹ በአውሮፓ ይማሩ የነበሩ ጥቂት አሥር ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ ለዓመታት በፍጹም ምስጢር ቆየ፤ በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ስለ መኖሩ አያውቁም ነበር። የዘውዱ መንግሥት ተቃዋሚዎችን በሚከታተልበት ሁኔታ ምስጢራዊነት ግድ ነበር። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ግልጽ በሆነው የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ የሚደረግ ክርክር፣ ከጀርባው ያለውን ስውር ድርጅት በማያውቁ አባላት ፊት የሚካሄድ ሆነ። ማኅበሩ የጋራ መድረክ መሆኑ ቀርቶ ስውር ድርጅት ሰው የሚመለምልበትና ድምፅ የሚያሰባስብበት መስክ ወደ መሆን አዘነበለ።

በባሕር ማዶ የሰደደ ልዩነት

በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ብርሃነ መስቀል ረዳና ጥቂት ጓደኞቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ገቡ፤ ቆይቶም በአልጀርስ ተሰባሰቡ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ያቀረበው ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልሳን ታተመ። ቀጥሎም የአልጀርሱ ቡድን ጥላሁን ታከለ በሚል የብዕር ስም በዚሁ ጥያቄ ላይ ብርቱ ጽሑፍ አሰራጨ። ጽሑፉ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል ድረስ እንዲታወቅ ከመጠየቁ ባሻገር፣ በጉዳዩ ያመነቱትን የእንቅስቃሴውን ነባር መሪዎች በስም ማጥፋት ባይሆንም በከባድ ቃላት ወቀሰ።

በ1963 ዓ.ም. ክረምት በሎስ አንጀለስ የተካሄደው የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ በዚሁ ክርክር ለሁለት ተከፈለ። በአውሮፓ ያለው ማኅበር ለጊዜው አንድነቱን ጠብቆ ቆየ፤ በኃይሌና በጓደኞቹ አመራር ሥር የሆነው ክፍልም የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብትን በመርህ ደረጃ ተቀበለ። ከምርምር አኳያ ሊተኮርበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመርህ ላይ መቀራረብ ቢመጣም ጠቡ አልበረደም። በ1964 ዓ.ም. የአልጀርሱ ቡድንና ተባባሪዎቹ በርሊን ላይ ቆይቶ ኢሕአፓ የሆነውን ድርጅት መሠረቱ። ሁለት ስውር ድርጅቶች አንድን ግልጽ ማኅበር ለመቆጣጠር ሲፎካከሩ የመቀራረብ ሙከራዎቹ ሁሉ መከኑ። ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ኅብረት ለማቋቋም የተደረገው ጥረትም ራሱ የፍልሚያ ሜዳ ሆነ።

ስለዚህ ከ1966 ዓ.ም. በፊት ልዩነቱ የፕሮግራም ልዩነት ነበር ለማለት ያስቸግራል። ሁለቱም ፊውዳሊዝምንና ኢምፔሪያሊዝምን በጠላትነት ፈርጀዋል፤ ሁለቱም የመሬት ሥሪቱን ከሥሩ መለወጥን፣ የብሔረሰቦችን መብትና ወደ ሶሻሊዝም የሚያደርስ ሕዝባዊ ዴሞክራሲን ጠይቀዋል። የሚለያቸው ማን ይምራ የሚለው ነበር። ሁለቱም ከሌኒን የወሰዱት የቫንጋርድ ፓርቲ ሐሳብ ለአንድ አብዮት አንድ መሪ ፓርቲ ብቻ ይፈቅዳል። በዚህ አስተሳሰብ ሁለተኛ ተራማጅ ድርጅት ተፎካካሪ ሳይሆን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ከቀጠለ ደግሞ ክህደት ይባላል። አንጃ የሚለው ቃል በዚያ ትውልድ የፖለቲካ ቋንቋ የያዘው አስፈሪ ትርጉም ከዚህ የመነጨ ነው። ልዩነትን ይዞ አብሮ ለመሥራት የሚያስችል ደንብም ሆነ ልማድ ሳይፈጠር አብዮቱ ፈነዳ።

ሂሳዊ ድጋፍ

የየካቲት 1966 ዓ.ም. ሕዝባዊ እንቅስቃሴ ሁለቱንም ድርጅቶች ሳይዘጋጁ ያገኛቸው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ኢሕአፓን የወለደው ቡድን «ዴሞክራሲያ»ን፣ መኢሶን ደግሞ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን በኅቡዕ ማሳተም ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሁለቱ ልሳኖች ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር። ሁለቱም ወታደሮቹ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲያስረክቡ ጠየቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱና ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሁለቱም ተቃወሙ።

መንገዳቸውን የለየው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ አደረገ፤ ገባርነትን ሻረ፤ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ፈቀደ። ተማሪዎች ለዓመታት የጮኹለትን ጥያቄ ወታደሮች መለሱት። ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎችም ተቋቋሙ።

በዚህ ጊዜ ወደ አገሩ የተመለሰው ኃይሌ ፊዳና ጓደኞቹ አዲስ አቋም ያዙ። ደርግ በባሕርይው ንዑስ ከበርቴ ቢሆንም የሚወስዳቸው እርምጃዎች ተራማጅ ናቸው፤ ተራማጁ ወገን እነዚህን እርምጃዎች እየደገፈ፣ ጉድለታቸውን እየነቀፈ፣ በተከፈተው ክፍተት ሕዝቡን ማንቃት፣ ማደራጀትና ማስታጠቅ አለበት አሉ። ይህ ነው ሂሳዊ ድጋፍ የተባለው። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ስሙንና ፕሮግራሙን በይፋ ያወጀው ኢሕአፓ በተቃራኒው ቆመ። ወታደራዊ አገዛዝ የቱንም ያህል ሥር ነቀል አዋጅ ቢያወጣ የሕዝብን ዴሞክራሲያዊ መብት እስካፈነ ድረስ አብዮቱን እየቀማ ነው፤ ስለዚህ የጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ጥያቄ ሊተው አይገባም አለ።

ሁለቱ አቋሞች እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። መኢሶን አዋጆቹ የአገሪቱን ማኅበራዊ መሠረት እየለወጡ መሆኑን በትክክል ተገነዘበ። ኢሕአፓ ደግሞ መሣሪያ የያዘ መንግሥት በማግባባት ሥልጣኑን እንደማያጋራ በትክክል ተገነዘበ። ሁለቱ ግንዛቤዎች በአንድ መድረክ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ አዋጆቹን የሚደግፍ፣ በነጻ የመደራጀት መብት ላይ ግን የማይደራደር አንድ ግንባር ሊታሰብ ይችል ነበር። ነገር ግን የባሕር ማዶው ቁርሾ የእያንዳንዱን ወገን ግማሽ እውነት በሌላኛው ዘንድ የክህደት ማስረጃ አደረገው። መኢሶን በኢሕአፓ ጽሑፎች ባንዳ ተባለ፤ ኢሕአፓ በመኢሶንና በመንግሥት ጽሑፎች አናርኪስት ተባለ።

ሕዝብ ድርጅት፦ ጦር የሌለው ሥልጣን

ሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራምን አወጀ። ፕሮግራሙ በይዘቱ ግራ ዘመሙ ወገን ለዓመታት ከተወያየባቸው ሐሳቦች የተቀዳ ነበር፤ የብሔረሰቦችን ራስ ገዝ አስተዳደር ጭምር ይጠቅሳል። ፕሮግራሙን ለማስፈጸም የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት፣ በአጭሩ ሕዝብ ድርጅት፣ ተቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱን የሚመራው 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን ሲሆን ሊቀመንበሩ ኃይሌ ፊዳ ሆነ። ካድሬዎችን የሚያሠለጥን የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ኃይሌ በዚህ ጊዜ በብዙዎች ዘንድ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የርዕዮተ ዓለም አማካሪ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ለመኢሶን ያስገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ፣ ከመንግሥት የሚመደብ በጀት፣ ማተሚያ፣ ተሽከርካሪ፣ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ስብሰባዎች ላይ የመናገር ፈቃድ አገኘ። ይህን ሁሉ ኢሕአፓ አልነበረውም። በዚያ ወቅት በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዓምዶች ላይ ዴሞክራሲ ለማን ይሰጥ በሚለው ጥያቄ የሁለቱ ድርጅቶች ጸሐፊዎች በብዕር ስም ተከራከሩ፤ አንዱ ወገን መብቱ ገደብ ሳይበጅለት ይሰጥ ሲል፣ ሌላው ለጭቁኖች እንጂ ለአድኅሮት ኃይሎች አይሰጥ አለ። ክርክሩ በይዘቱ ከአብዮቱ ዘመን እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ውይይቶች አንዱ ነው። ነገር ግን መድረኩ የመንግሥት ጋዜጣ ነበር፤ ውይይቱም የዘለቀው መንግሥት እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው። ዳኛው ከተከራካሪዎቹ አንዱን በመሥሪያ ቤቱ አስቀምጦ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ ድክመት በሌላ በኩል ይታያል። ኃይሌ በሚመራው ኮሚሽን ውስጥ መኢሶን ብቻውን አልነበረም። ሰናይ ልኬ የሚመራው ወዝ ሊግ፣ የኢትዮጵያ ጭቁኖች አብዮታዊ ትግል (ኢጭአት) እና ማርክሳዊ ሌኒናዊ ሪቮሉሲዮናዊ ድርጅት (ማሌሪድ) የየራሳቸውን ድርሻ ይሹ ነበር። ከእነዚህ ጎን የደርግ መኮንኖች አብዮታዊ ሰደድ የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ሰደድ በንድፈ ሐሳብ ከሌሎቹ የደከመ ነበር፤ ጦሩ ግን የእርሱ ነበር። የሰደድ አባላት ከየካቲት 66 ትምህርት ቤት የማርክሲዝምን ቋንቋ፣ ከሕዝብ ድርጅት ደግሞ የካድሬ አደረጃጀትን ተማሩ። መኢሶን መኮንኖቹን በማስተማር አብዮቱን ወደ ግራ የሚገፋ መስሎት ነበር። መኮንኖቹ የተማሩት ግን ያለ አስተማሪዎቻቸው እንዴት መቆም እንደሚቻል ጭምር ነው።

1969 ዓ.ም.

መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመኢሶን አመራር አባል የነበረው ፍቅሬ መርዕድ በአዲስ አበባ ተገደለ። ኢሕአፓ የከተማ ትጥቅ ትግሉን በመኢሶን ካድሬዎችና በቀበሌ ሹማምንት ላይ ሲያጠነክር፣ ከዚያ ቀደም ብለው የታሰሩና የተገደሉ አባላቱን በመጥቀስ ራስን መከላከል ነው ሲል አስረዳ። መኢሶን በበኩሉ ጓዶቹ መገደላቸውን እየጠቀሰ ቀበሌዎች እንዲታጠቁ ጠየቀ። አንዱ ወገን ራሱን ለመከላከል የወሰደው እርምጃ ሁሉ ለሌላው የጥቃት ማረጋገጫ ሆነ።

በኢሕአፓ ውስጥ ይህን ጉዞ የተቃወሙ ነበሩ። ብርሃነ መስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ የከተማውን ግድያ በመቃወማቸው አንጃ ተብለው ተወገዙ፤ ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅቱ እጅ ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሰሜን ሸዋ ገጠር ወጣ። በደርግ ውስጥም ተመሳሳይ መሰንጠቅ ነበር። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ፣ ዓለማየሁ ኃይሌ፣ ሞገስ ወልደ ሚካኤልና ሌሎች መኮንኖች ወደ ኢሕአፓ አዘንብለዋል ተብለው በታላቁ ቤተ መንግሥት ተገደሉ። የወዝ ሊጉ ሰናይ ልኬም በዚያው ቀን ሕይወቱ አለፈ። መኢሶን የመንግሥቱን እርምጃ ደገፈ።

ይህ ድጋፍ በኃይሌ ፊዳ የፖለቲካ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የከፋ የስሌት ስሕተት ነበር ማለት ይቻላል። እስከዚያ ቀን ድረስ በደርግ ውስጥ ከአንድ በላይ የሥልጣን ማዕከል ነበረ። አንዱ ማዕከል ሌላውን ለመርታት ሲቪል አጋር ስለሚያስፈልገው መኢሶን የመደራደር አቅም ነበረው። ከጥር 26 በኋላ ግን ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ፤ የአጋሩም ዋጋ በዚያው ልክ ወደቀ። መኢሶን ያሸነፈ የመሰለው በተቀናቃኙ ላይ ነበር፤ ያጣው ግን ለራሱ ሕልውና ዋስትና የነበረውን የኃይል ሚዛን ነው።

ከየካቲት ጀምሮ ቀይ ሽብር ተፋፋመ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም መሰል ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሰብሮ ዘመቻውን በአደባባይ አወጀ። ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ወጣቶችን ከየቤታቸው እያወጡ አሰሩ፣ ገረፉ፣ ገደሉ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ከሜይ ዴይ ዋዜማ ጋር በተያያዘ የተገደሉት አብዛኞቹ ተማሪዎችና ታዳጊዎች ነበሩ። መኢሶን በርካታ ቀበሌዎች ላይ ተጽዕኖ ስለነበረው በዚህ የመጀመሪያ ዙር ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ለቀበሌዎቹ መታጠቅ የተከራከረው እርሱ ነበርና። ኃይሌ ሕዝብን ማስታጠቅ ያለው ሐሳብ በሥራ ሲተረጎም ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ማስታጠቅ ሆነ። የኢሕአፓ ጥይትም የወደቀው በአብዛኛው በደርግ መኮንኖች ላይ ሳይሆን በቅርብ በሚገኙት፣ በትናንት የተማሪነት ጓዶችና በሰፈር ሹማምንት ላይ ነበር።

ከአጋርነት ወደ አሳዳጅነት

በ1969 ዓ.ም. አጋማሽ መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና ሰደድ የኢትዮጵያ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ድርጅቶች ኅብረትን (ኢማሌድኅ) መሠረቱ። ስሙ አንድነት ይበል እንጂ ኅብረቱ የመኢሶንን የበላይነት ለመገደብ መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። ሌሎቹ ድርጅቶች በአብዛኛው ከመኢሶን ይልቅ ከሰደድ ጋር መስማማትን መረጡ። መኢሶን ትናንት ኢሕአፓን ብቸኛ ለማድረግ የተጠቀመበት ስልት ዛሬ በእርሱ ላይ ዞረ፤ ከመንግሥት ጋር የቀረበው ይበልጥ ተራማጅ፣ የራቀው ደግሞ አደናቃፊ ተባለ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሕዝብ ድርጅት በአዋጅ እንደገና ተዋቀረና የመኢሶን ድርሻ ተቀነሰ። በዚሁ ጊዜ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ወረራው ለመንግሥት ሰፊ የአገር ፍቅር ድጋፍ ስላስገኘ፣ በከተማ ተቀናቃኙ በተመታበት ሰዓት የሲቪል አጋር ፍላጎቱ ይበልጥ ቀነሰ። የመኢሶን መሪዎች ለመመታት ተራው የእነርሱ መሆኑን ተረዱ። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በየአቅጣጫው ወደ ገጠር ሄዱ። ዝግጅቱ አነስተኛ ነበር፤ ለሁለት ዓመት በመንግሥት ጥላ ሥር የሠራ ድርጅት የኅቡዕ መረቡ ላልቶ፣ ካድሬዎቹም በአደባባይ ታውቀው ነበር። መንግሥት በወረራ ሰዓት አገር የከዱ ሲል አወገዛቸው። ኃይሌ ፊዳ በሸዋ ገጠር ተይዞ ታሰረ፤ ከጓደኞቹም በርካቶች በየመንገዱ ተገደሉ።

በ1970 ዓ.ም. በቀጠለው የሽብር ዙር መኢሶንና ኢሕአፓ በአንድ እስር ቤት፣ በአንድ የምርመራ ክፍል ተገናኙ። ኢጭአት፣ ማሌሪድና ወዝ ሊግም በ1970 እና በ1971 ዓ.ም. ተራ በተራ ተመቱ። የቀረው ሰደድ ብቻ ነበር። በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ ፓርቲው ራሱ ሲመሠረት፣ የቫንጋርድ ፓርቲን ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ ፖለቲካ ካስገቡት ድርጅቶች አንዱም በሕጋዊነት የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ሐሳቡን የወረሰው ያጠፋቸው ኃይል ነው።

ማጠቃለያ

የኃይሌ ፊዳ ሕይወት በጊዜ ቅደም ተከተል ሲነበብ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛው፣ መከፋፈሉ ከደርግ መምጣት በፊት ሥር የሰደደ መሆኑ ነው። ሥሩም የፕሮግራም ልዩነት ብቻ አልነበረም። ስውር ድርጅቶች ግልጽ ማኅበርን ለመቆጣጠር የሚፎካከሩበት፣ ለሁለተኛ ተራማጅ ድርጅት ቦታ የማይሰጥና ከድርጅት ውስጥ የተነሣን ተቃውሞ አንጃ ብሎ የሚመታ የፖለቲካ ባህል ነበር። ይህ ባህል በመኢሶንም በኢሕአፓም የጋራ ነበር። ስለዚህ ደርግ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ይስማሙ ነበር የሚለው ግምት ከታሪኩ ድጋፍ አያገኝም።

ሁለተኛው፣ ደርግ ከመከፋፈሉ የተጠቀመበት መንገድ ነው። ለአንዱ ወገን ሕጋዊነትን ሰጥቶ ሌላውን ወደ ኅቡዕ ገፋ፤ በመካከላቸው ደም እስኪፈስና መመለሻ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያም ሕጋዊነቱን ከሰጠው ነጠቀ። ለዚህ የተለየ ብልሃት አላስፈለገውም። ያስፈለገው ሁለቱም ወገኖች ሊታጡ የማይገባቸው የየራሳቸው አጋሮች ከመሆን ይልቅ፣ መጀመሪያ መጥፋት ያለበት ጠላት አድርገው እንዲተያዩ መተው ብቻ ነበር። መኢሶን በኢሕአፓ ሕልውና የተጠበቀ መሆኑን የተረዳው ኢሕአፓ ከከተማ ከጠፋ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ከሚደረስበት ድምዳሜ በመነሣት ለቀጣይ ጥናት አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። የዚያ ዘመን ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው በወገን ተከፍሎ ነው፤ የመኢሶን ሟቾች በመኢሶን መጽሐፍ፣ የኢሕአፓ ሟቾች በኢሕአፓ መጽሐፍ ተመዝግበዋል። ሁለቱን ዝርዝሮች በቀን ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ በደርግ ውስጥ የማን ሥልጣን እንደጨመረ መመልከት፣ መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው ከሚለው ጥያቄ የማይገኝ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ኃይሌ ፊዳና ብርሃነ መስቀል ረዳ በአንድ ዓመት የተገደሉ ሰዎች ናቸው። ታሪካቸውም በአንድ ገጽ ላይ ቢነበብ የተሻለ ይገባል።